ሽንኩርቱ እስኪቁላላ

የበዓል ዋዜማ ነበር። እናቴ ሦስት ኪሎ ቀይ ሽንኩርት አድቅቃ ከትፋ ድስቱን ጥዳለች። ዘይትም ቅቤም ገና አልገባበትም፤ እሳቱ ለዝቦ ሽንኩርቱ በራሱ ውሃ ይበስላል። ሳሎን ቴሌቪዥኑ ተከፍቷል፤ ነጭ የሼፍ ልብስ የለበሰ ባለሙያ ዶሮ ወጥ ያሳያል። ሽንኩርቱን ጨመረ፤ ሁለት ሦስት ጊዜ አማሰለ፤ ከአቅራቢዋ ጋር ጥቂት ተጨዋወተ፤ በርበሬውን ነሰነሰበት። ከማስታወቂያ ሲመለሱ ቀድሞ ተሠርቶ ያለቀ ሌላ ድስት ከጎን ቀረበ። እናቴ ማማሰያዋን እንደያዘች በሩ ላይ ቆማ ታይ ነበር። «ኧረ ይሄ ሰውዬ! ሽንኩርቱ እኮ ገና ጥሬ ነው» አለችና ወደ ምድጃዋ ተመለሰች። የእሷ ድስት ከዚያ በኋላ ሦስት ሰዓት ፈጅቷል።

ያቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር እስከ ዛሬ አብራኝ አለች። የቴሌቪዥን የምግብ ዝግጅት መለወጥ ሲነሣ ሰው የሚያወራው በዓይን ስለሚታየው ነው፤ ጥቁርና ነጩ ምስል ባለቀለም ስለ መሆኑ፣ ሽርጥ የታጠቀችው ወይዘሮ በሼፍ ስለ መተካቷ፣ ትምህርቱ ውድድር ስለ መሆኑ፣ የሳሎኑ ስክሪን ኪስ ውስጥ ስለ መግባቱ። ሁሉም እውነት ነው። ከእነዚህ ሁሉ ሥር ያለው ትልቁ ለውጥ ግን የሰዓት ለውጥ ይመስለኛል። ባለፉት ዘጠና ገደማ ዓመታት ቴሌቪዥን ከምግብ ሥራ ላይ ቀስ በቀስ የቀነሰው መጠበቅን ነው። መጠበቅ ደግሞ ለእኛ ወጥና እንጀራ ከቅመም ባልተናነሰ የሚገባ ግብዓት ነው። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ማየት ይጠቅማል።

በእንቁላል የተጀመረው

ቢቢሲ መደበኛ የቴሌቪዥን ሥርጭት በጀመረ በሦስተኛው ወር፣ እ.ኤ.አ. በጥር 1937፣ ለንደን ውስጥ ምግብ ቤት የነበረው ፈረንሳዊው ማርሴል ቡሌስታን ካሜራ ፊት ቆሞ ኦምሌት ሠራ። ቴሌቪዥን የነበራቸው የለንደንና የአካባቢዋ ጥቂት ቤተሰቦች ብቻ ነበሩ። የዘርፉ መልክ ግን ያኔውኑ ተቀረጸ፤ አንድ ሰው፣ አንድ ምድጃ፣ አንድ ምግብ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው። ምግቡ እንቁላል መሆኑም ከአጋጣሚ በላይ ይመስለኛል። ሥርጭቱ ቀጥታ ነበር፤ ቀርጾ ማቆየት፣ ቆርጦ መቀጠል አይታሰብም። ተመልካቹ ፊት በእውነት ጀምሮ በእውነት የሚያልቅ ነገር ከተፈለገ ከእንቁላል የተሻለ አይገኝም።

ከጦርነቱ በኋላ፣ በ1946፣ ፊሊፕ ሃርበን በዚያው ጣቢያ ብቅ አለ። እንግሊዝ ውስጥ ሥጋው፣ ቅቤውና ስኳሩ በራሽን ይታደል የነበረበት ጊዜ ነው። ተመልካቹ በካርድ ያገኛትን ጥቂት ነገር እንዴት እንደሚያብቃቃ ማሳየት የሃርበን ሥራ አካል ነበር። በዚያው ዓመት አሜሪካ ውስጥ ጄምስ ቢርድ በኤንቢሲ የ15 ደቂቃ ዝግጅት ጀመረ፤ ወጪውን የሚሸፍነው የወተት ውጤቶች ኩባንያ ነበር። ዛሬ ዝግጅቱን ሁሉ የዘይትና የቲማቲም ድልህ ማስታወቂያ ሞላው ብለን ስናማርር ይህን ማስታወስ ደግ ነው። ስፖንሰር ዘግይቶ የመጣ እንግዳ ሳይሆን ከዘርፉ ጋር አብሮ የተወለደ ነው።

በእነዚያ የመጀመሪያ ዓመታት የዝግጅቱ ውል ግልጽ ነበር። የቆመው ሰው ያስተምራል፤ የተቀመጠው ሰው ይማርና ተነሥቶ ይሠራል። ዝግጅቱ የሚለካው በተመልካቹ ወጥ ቤት በሚወጣው ጭስ ነበር ማለት ይቻላል።

ያልተቆረጠው ግማሽ ሰዓት

ይህን ውል ከፍ ወዳለ ደረጃ ያደረሰችው አሜሪካዊቷ ጁሊያ ቻይልድ ናት። እ.ኤ.አ. በ1961 ከሁለት የሙያ ባልደረቦቿ ጋር ስለ ፈረንሳይ ምግብ ወፍራም መጽሐፍ አሳተመች። በቀጣዩ ዓመት ቦስተን በሚገኝ የሕዝብ ቴሌቪዥን ጣቢያ የመጻሕፍት ዝግጅት ላይ ስትጋበዝ ትንሽ የኤሌክትሪክ ምድጃና መጥበሻ ይዛ ሄደች፤ እዚያው ስቱዲዮ ውስጥም ኦምሌት ሠራች። አሁንም እንቁላል! ተመልካቾች ይህችን ሴት መልሱልን ብለው ለጣቢያው ጻፉ። «ዘ ፍሬንች ሼፍ» የተባለው ዝግጅቷ በየካቲት 1963 ተጀምሮ እስከ 1973 ዘለቀ፤ ከ200 በላይ ክፍሎችም ታዩ። እንቁላል ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል የሚባለው እንዲህ ነው።

የጣቢያው ሕንፃ በ1961 ተቃጥሎ ስለነበር የመጀመሪያዎቹ ክፍሎች የተቀረጹት አንድ የኤሌክትሪክ ኩባንያ ለደንበኞቹ ማሳያ ባዘጋጀው ወጥ ቤት ውስጥ ነው። ገንዘብ አልነበረም። ቴፕ እየቆረጡ መቀጠል ውድ ስለሆነ ግማሽ ሰዓቱ ሳይቋረጥ ይቀረጻል፤ ዕቃ አቀባዮች ካሜራ እንዳያያቸው ከጠረጴዛው ሥር ይንበረከኩ ነበር። አንድ ቀን የድንች ቂጣ ለመገልበጥ መጥበሻውን ስትነቀንቅ ግማሹ ምድጃው ላይ ተበተነ። ጁሊያ ለቀም ለቀም አድርጋ መለሰችው፤ ያልተሳካው ደፍራ ስላልገለበጠችው መሆኑን ነገረቻቸው፤ ብቻችሁን ስትሆኑ ማንም አያያችሁም ብላም ሥራዋን ቀጠለች።

በእኛ አገር «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የሚባለው ለተግሣጽ ነው። ጁሊያ አፍሳ ስትለቅም ግን ተመልካቾቿ ከተግሣጽ ይልቅ ድፍረት አገኙ። የፈረንሳይ ምግብ የትልልቅ ሆቴሎች ምሥጢር ነው ብለው ይፈሩ የነበሩ ሰዎች፣ ረጅሟና ድምፀ ቀጭኗ ሴት ስትሳሳት አይተው እኛም እንችላለን አሉ። ይህ የሆነው ገንዘብ ስላልነበረ ነው። ሀብታም ጣቢያ ቢሆን ኖሮ ያቺን ደቂቃ ቆርጦ ይጥላት ነበር፤ ከእሷ ጋር ትምህርቱም ይሄድ ነበር።

እርግጥ ጁሊያም ብትሆን ሰዓትን ሙሉ በሙሉ አላሸነፈችም። የመጀመሪያው ክፍሏ በቀይ ወይን ለሰዓታት የሚንተከተክ የበሬ ሥጋ ነበር፤ ይህ በግማሽ ሰዓት አያልቅም። ስለዚህ በተለያየ ደረጃ ላይ ያሉ ድስቶች ቀድመው ተዘጋጅተው ይጠብቋት ነበር። የእናቴን ቁጣ የቀሰቀሰውም ይኸው ዘዴ ነው። ዘዴው በራሱ ክፋት የለውም። ክፉ የሚሆነው በሁለቱ ድስቶች መካከል ያለፈው ሰዓት ሳይነገር ሲቀር ነው።

የሰው ቁጥር በምግብ ልክ

በተመሳሳይ ዘመን ጃፓን ሌላ መንገድ ያዘች። የሕዝብ ጣቢያው ኤንኤችኬ በኅዳር 1957 «የዛሬ ምግብ» የሚል ትርጉም ያለው ዝግጅት ጀመረ፤ ይህ ዝግጅት እስከ አሁን አልተቋረጠም። ታሪኩን ሳነብ ከሁሉ በላይ የገረመኝ የመጠኑ ነገር ነው። ሲጀመር አዘገጃጀቱ የሚሰጠው ለአምስት ሰው ነበር። በ1965 ለአራት ሰው ሆነ። በ2009 ደግሞ ለሁለት። አያትና የልጅ ልጅ ከአንድ ጣሪያ ሥር ይኖሩበት የነበረው ቤት ወደ ባልና ሚስት፣ ከዚያም ወደ ብቸኛ አዛውንት ቤት ሲቀየር፣ ዝግጅቱ ሩዝ እየመጠነ ይከተለው ነበር። አንድ ሶሲዮሎጂስት በወፍራም ጥናት የሚያስረዳውን ነገር በሚዛን አሳየ ማለት ነው።

ይህ ምሳሌ ለነገራችን ትልቅ ቦታ አለው። የምግብ ዝግጅት ለተመልካቹ ሕይወት ከታመነ መለወጡ ጉዳት የለውም። የተመልካቹ ጊዜ ሲያጥር አጭር ምግብ ማሳየት፣ ቤተሰቡ ሲያንስ መጠኑን መቀነስ አገልግሎት ነው። ችግር የሚመጣው ዝግጅቱ የሚታዘዘው ለተመልካቹ ወጥ ቤት መሆኑ ቀርቶ ለተመልካቹ ዓይን ሲሆን ነው። ያ መታጠፊያ መቼ መጣ ቢባል ጣቴን የማኖረው በአንድ ዓመት ላይ ነው።

እ.ኤ.አ. 1993

በዚያ ዓመት ጥቅምት ወር በቶኪዮ ፉጂ ቴሌቪዥን «የምግብ የብረት ሰዎች» የሚል ርእስ ያለውን ዝግጅት ጀመረ፤ ዓለም በኋላ «አይረን ሼፍ» ብሎ ያወቀው ነው። ወጥ ቤቱ ስታዲየም ተባለ። ያሸበረቀ ልብስ የለበሰ ሊቀ መንበር የዕለቱን ምሥጢራዊ ግብዓት ይገልጣል፤ ሁለት ሼፎች በ60 ደቂቃ ውስጥ ከዚያ ግብዓት ብዙ ምግቦች ለመሥራት ይሽቀዳደማሉ፤ ተንታኞች እንደ እግር ኳስ ይተርካሉ፤ ዳኞች ይቀምሳሉ። በቀጣዩ ወር፣ ኅዳር 1993፣ አሜሪካ ውስጥ ከጠዋት እስከ ማታ ስለ ምግብ ብቻ የሚያሰራጨው ፉድ ኔትወርክ ተከፈተ።

ሁለቱ አብረው የመጡት በአጋጣሚ ሊሆን ይችላል፤ ውጤታቸው ግን ተጋባ። ሃያ አራት ሰዓት የሚሞላ ጣቢያ በትምህርት ብቻ አይሞላም። የቀን ተመልካች ማስታወሻ ደብተር ይዞ ይቀመጥ ይሆናል፤ የማታ ተመልካች ግን ከሥራ ደክሞ የገባ፣ እራቱንም ምናልባት ገዝቶ የበላ ሰው ነው። ለእርሱ ጨዋታ ያስፈልጋል። ስለዚህ በ1997 የሼፍ ኤመሪል ላጋሲ የምሽት ዝግጅት ጭብጨባ የሚያሰማ ታዳሚ ይዞ መጣ። የጃፓኑ ውድድርም በ1999 ወደ አሜሪካው ጣቢያ ገባ።

ከዚያ ወዲያ ሰዓት አዲስ ትርጉም አገኘ። በጁሊያ ወጥ ቤት ሰዓት የምግቡ ወዳጅ ነበር፤ ወይኑ ሥጋውን የሚያለሰልሰው ሰዓት ሲሰጠው ነው። በስታዲየሙ ግን ሰዓት ጠላት ሆነ። ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ወደ ኋላ ይቆጥራል፤ ላብ ያስጠምቃል፤ እጅ ያንቀጠቅጣል። «ማስተር ሼፍ» የተባለው ዝግጅት በቢቢሲ በ1990 ሲጀመር ረጋ ያለ የአማተሮች ውድድር ነበር፤ በ2005 ታድሶ ሲመለስና በየአገሩ ሲሸጥ ግን እንባና ውጥረት ዋናው ቅመሙ ሆነ። አውስትራሊያ ውስጥ የተወደደበትን መጠን አንድ ነገር ያሳያል። በሐምሌ 2010 የሁለቱ ትልልቅ ፓርቲዎች መሪዎች የምርጫ ክርክር ከ«ማስተር ሼፍ» ፍጻሜ ጋር እንዳይጋጭ ሰዓቱ ተለወጠ። ጠቅላይ ሚኒስትር የሚመረጥበት ክርክር ለወጥ ቤት ውድድር ቦታ ለቀቀ።

በዚያው ዓመት ነሐሴ እንግሊዝ ውስጥ የተጀመረው የዳቦና የኬክ ጋጋሪዎች ውድድር ለእኛ ጆሮ ቅርብ የሆነ ነገር አለው። ተወዳዳሪዎቹ ደጋጎች ናቸው፤ አንዱ ለሌላው ይረዳል፤ ድንኳኑም ያምራል። ነገር ግን ዳቦ በሚጋገርበት ቀን ደጋግሞ የሚያጋጥማቸው አንድ ችግር ነው። ሊጡ በቂ ጊዜ አግኝቶ ኩፍ ሳይል ወደ ምድጃ ይገባል። እርሾ የዳኛ ደወል አይሰማም። ይህን የእኛ እናቶች ማንም ሳይነግራቸው ያውቁታል።

በበርበሬ አገር የተወለደው ዳኛ

ይህ ለውጥ ከእኛ ጋር በቀጥታ የሚገናኘው በአንድ ሰው በኩል ነው። ማርከስ ሳሙኤልሰን ኢትዮጵያ ውስጥ ተወልዶ፣ እናቱን በሳንባ ነቀርሳ አጥቶ፣ ገና ሕፃን ሳለ ከእህቱ ጋር ስዊድን ውስጥ በጉዲፈቻ ያደገ ነው። ኒውዮርክ ውስጥ በሼፍነት ስም አወጣ፤ በኅዳር 2009 ፕሬዚዳንት ኦባማ ለህንድ ጠቅላይ ሚኒስትር ያደረጉትን የመጀመሪያ ይፋዊ የእራት ግብዣ አዘጋጀ፤ በ2010 «ቶፕ ሼፍ ማስተርስ» የተባለውን ውድድር አሸነፈ። በፉድ ኔትወርክ «ቾፕድ» ዝግጅት ላይም ለዓመታት ከዳኞቹ አንዱ ሆኖ ተቀምጧል። በዚያ ዝግጅት ተወዳዳሪዎች ያልጠበቁት ግብዓት የታጨቀበት ቅርጫት ይሰጣቸዋል፤ ለመክፈቻው ምግብ 20 ደቂቃ፣ ለዋናው 30 ደቂቃ አላቸው።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ አስባለሁ። ሳሙኤልሰን የእናቱ ፎቶግራፍ የለውም። በሕይወት ታሪኩ መጽሐፍ እንደጻፈው ከእናቱ ጋር የሚያገናኘው በርበሬ ነው። በርበሬ ደግሞ ከሁሉ በላይ የሰዓት ምግብ ነው። ዛላው ይቀነጠሳል፣ ይታጠባል፣ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከዝንጅብል፣ ከበሶብላና ከጤና አዳም ጋር ተወቅጦ እንደገና ይሰጣል፤ ኮረሪማውና አዝሙዱ ታምሰው ይገቡበታል፤ ከዚያ ወፍጮ ቤት ይሄዳል። ቀናት የሚፈጅ ሥራ ነው። የዚህ ምግብ ልጅ ዓለም ያወቀው በ20 ደቂቃ ሰዓት ሥር ተቀምጦ ሲፈርድ ነው። ይህን የምለው ለወቀሳ አይደለም፤ የዘመኑ መድረክ ያ ስለነበር ነው። ሳሙኤልሰን ራሱ ሌላ መድረክ ሲያገኝ ምን እንዳደረገ አይተናል። በ2015 ከአንተኒ ቦርዴን ጋር ለሲኤንኤን ዝግጅት ኢትዮጵያ መጣ፤ በ2018 ደግሞ በአሜሪካ የሕዝብ ቴሌቪዥን በራሱ ዝግጅት ዋሽንግተን አካባቢ ያሉ ኢትዮጵያውያንን ቤትና ምግብ ቤት አሳየ። እዚያ ደዋይ ሰዓት አልነበረም። ሰዎቹ ከምግቡ ጋር ታሪካቸውን አቀረቡ።

ውብ ዝግታ፣ አጭር ደቂቃ

ከ2015 ወዲህ መንገዱ ለሁለት ተከፈለ። አንደኛው የኔትፍሊክሱ «ሼፍስ ቴብል» የጀመረው ነው። ካሜራው እንደ ሲኒማ ይንሸራተታል፤ ቫዮሊን ይሰማል፤ አንዲት ጠብታ ዘይት ለብዙ ሰከንዶች ትወርዳለች። በ2017 በቀረበ አንድ ክፍል ጆንግ ኳን የተባሉ የደቡብ ኮሪያ የቡድሃ መነኩሲት በገዳማቸው ነጭና ቀይ ሽንኩርት የሌለበት ምግብ ሲያሰናዱ፣ ለዓመታት የተቀመጠ የአኩሪ አተር ስጎአቸውንም ሲያሳዩ አየን። ያን ክፍል እወደዋለሁ። መጠበቅ እንደ ጸሎት የሚታይበት ነው። ሆኖም ያ ዝግታ የሚደነቅ እንጂ የሚሠራ አይደለም። መነኩሲቷን አይቼ ተመሰጥሁ፤ ተነሥቼ ያሰናዳሁት ነገር ግን አልነበረም።

ሁለተኛው መንገድ በዚያው በ2015 ገደማ በማኅበራዊ ሚዲያ የተስፋፋው ከላይ ወደ ታች የሚቀረጸው አጭር ቪዲዮ ነው። ፊት የለም፣ ድምፅ የለም፤ ሁለት እጅ ብቻ። አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ሊጡ ኬክ ይሆናል። እጁ አይሳሳትም፤ ድንቹ አይበተንም። ሁለቱ መንገዶች ተቃራኒ ቢመስሉም አንድ ቦታ ይገናኛሉ። ሁለቱም ለዓይን ናቸው።

አሜሪካዊው ጸሐፊ ማይክል ፖላን በ2009 ይህን ጉዳይ በሰፊው ሲጽፍ የገለጸው ሐቅ አሁንም ያስደነግጣል። አሜሪካውያን በቀን ለምግብ ዝግጅት የሚያውሉት በአማካይ 27 ደቂቃ ነበር፤ ይህም ጁሊያ ስትጀምር ከነበረው ግማሽ እንኳ አይሞላም። የምግብ ዝግጅት በቴሌቪዥን በበዛ ቁጥር የሚያበስለው ሰው አነሰ። ቴሌቪዥኑ ብቻውን ምክንያት ሆነ አልልም፤ የሥራ ሰዓት፣ የታሸገ ምግብ፣ የከተማ ኑሮ ሁሉ አለበት። ግን ዝግጅቱ ከማስተማር ወደ ማስደሰት ሲዞር፣ ሰው የማብሰልን ደስታ ሳያበስል ማግኘት ቻለ። ሽታ የሌለው ወጥ በዓይኑ ጠጣ።

በእኛ ቤት

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በእኛ አቆጣጠር በ1957 ዓ.ም. ከጀመረ በኋላ ለብዙ ዓመታት ያለን ጣቢያ እርሱ ብቻ ነበር። በእኔ ትውልድ ትዝታ የምግብ ዝግጅት ከበዓል ጋር የተያያዘ ነው፤ የእንቁጣጣሽ፣ የገና፣ የፋሲካ ፕሮግራም ሲመጣ ድስትም አብሮ ይመጣል። መሠረታዊ ትምህርቱ ግን በቴሌቪዥን እጅ አልነበረም። ባልትና የሚተላለፈው ከእናት ወደ ልጅ፣ ከጎረቤት ወደ ጎረቤት፣ ጭሱ ውስጥ ጎን ለጎን በመቆም ነበር። መለኪያው ኩባያ ሳይሆን እጅ ነው፤ ሰዓቱም ግድግዳ ላይ ያለው ሳይሆን አፍንጫ ነው። «ሙያ በልብ ነው» የሚባለውም እውነት ነበር፤ ሙያው በእርግጥ በልብ ተይዞ ይኖር ነበር።

ይህ ሰንሰለት የላላው ሰዎች ከቤት ርቀው መኖር ሲጀምሩ ነው። ልጆች ለትምህርትና ለሥራ ወደ ሌላ ከተማ፣ ወደ ዋሽንግተን፣ ወደ ፍራንክፈርት፣ ወደ ቴል አቪቭ፣ ወደ ዱባይ ሄዱ። ጭሱ ውስጥ ጎን ለጎን የሚቆም ሲጠፋ ክፍተቱን ስክሪን ሞላው። እ.ኤ.አ. በ2008 በአሜሪካ ሜሪላንድ የተመሠረተው ኢቢኤስ የሳተላይት ጣቢያ ሲመጣ «ጆርዳና ኩሽና»ን የመሰለ ራሱን የቻለ የምግብ ዝግጅት በየሳሎኑ ገባ። ፈረንሳይ ሊዮን ውስጥ የተማረው ሼፍ ዮሐንስ ገብረየሱስ በቴሌቪዥንም በመጽሐፍም የአገሩን ምግብ ይዞ ብቅ አለ። ከዚያ ወዲህ ጣቢያው በዝቷል፤ በዩቲዩብ ደግሞ ከአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም እስከ ዓረብ አገር ድረስ ስልኳን መደርደሪያ ላይ አቁማ የምታስተምር እህት ቁጥር ስፍር የለውም።

ያገኘነውን ጥቅም ማሳነስ አልፈልግም። በመጀመሪያ፣ ወንድ ልጅ ምድጃ አጠገብ መቆሙ ነውር መሆኑ ቀረ። ወጥ ቤት የገባ ወንድ በሚዘበትበት ሰፈር ላደግሁ ለእኔ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ሁለተኛ፣ የአንዱ አካባቢ ምግብ ለሌላው ታየ። ጥህሎ ምን እንደሆነ፣ ቆጮ ከእንሰት እንዴት እንደሚወጣ፣ ጭኮ እንዴት እንደሚታሽ አዲስ አበባ የተወለደ ልጅ ያወቀው በአብዛኛው በስክሪን ነው። ሦስተኛ፣ በእጅና በግምት የነበረው በኩባያና በማንኪያ ተለካ። አያቶቻችን «መጠኑን እጅሽ ይነግርሻል» ይሉ ነበር፤ እጁ ገና ላልተማረ ሰው ግን ማንኪያ ያስፈልጋል።

ያጣነው ደግሞ ሰዓቱን ነው። ዶሮ ወጥን በአሥራ ሁለት ደቂቃ የሚያሳየው ዝግጅት፣ ሽንኩርቱ ሁለት ሰዓት ሲቁላላ የሚሆነውን ነገር ሁሉ ቆርጦ ጥሎታል። በዚያ ሁለት ሰዓት ውስጥ ግን ትምህርቱ በሙሉ አለ። ሽንኩርቱ መጀመሪያ ያስለቅሳል፤ ከዚያ ውሃውን ይተፋል፤ ውሃው ሲደርቅ ድስቱ ሥር መያዝ ይጀምራል፤ ጠብ ጠብ እያደረጉ ማማሰል የሚያስፈልገው ያኔ ነው፤ ጥሬ ሽታው ጠፍቶ ወደ ጣፋጭነት ሲዞር ዘይቱ ይገባል። አሥራ ሁለቱ የዶሮ ብልቶችና እንቁላሎቹ ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚመጡ ናቸው። እንጀራም እንዲሁ ነው። ሊጡ ለቀናት ይቦካል፤ አብሲቱ ይጣላል፤ ኩፍ እስኪል ይጠበቃል። ስለዚህ ውጭ አገር ላለ ወገን በሶዳ ውሃና በተዘጋጀ የስንዴ ዱቄት በአንድ ሰዓት የሚደርስ እንጀራ የሚያሳዩ ቪዲዮዎች በዙ። ችግረኛን የሚረዱ ናቸው፤ ጤፍ በሌለበት ከተማ ለናፈቀ ሰው እፎይታ ናቸው። ነገር ግን አንድ ልጅ በዚያ ብቻ ካደገ፣ ዓይኑ ያለበት እንጀራ ያውቃል እንጂ እርሾ ምን እንደሚሠራ አያውቅም። የእንጀራውን ጣዕም የሚያመጣው ደግሞ እርሾው ነው።

ተመልካች አይጠብቅምን?

የጣቢያ ሰዎች የሚሰጡት መልስ ይታወቃል፤ ሁለት ሰዓት ሽንኩርት የሚያይ የለም ይላሉ። ኖርዌይ ውስጥ የሆነውን ግን ላንሣ። የሕዝብ ጣቢያው ኤንአርኬ በ2009 ከበርገን ወደ ኦስሎ የሚሄድ ባቡር ጉዞን ሰባት ሰዓት ሙሉ ሳይቆርጥ አሳየ፤ አምስት ሚሊዮን በማይሞላ ሕዝብ ውስጥ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው አየው። በየካቲት 2013 ደግሞ ስለ ማገዶ የአሥራ ሁለት ሰዓት ዝግጅት አቀረበ፤ ከዚያ ውስጥ ስምንቱ ሰዓት ምድጃ ውስጥ የሚነድ እሳት ብቻ ነበር። ሰው ተቀምጦ አየ። የሰው ልጅ እሳት ዳር ቁጭ ማለት አልሰለቸውም።

እኛ ደግሞ ለዚህ ከማንም በላይ የቀረብን ነን። ቡና ሲፈላ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብለን ሦስት ጊዜ እስኪቀዳ የምንቀመጥ ሕዝብ ነን። ቆሎው እየተቆረጠመ፣ ዕጣኑ እየጨሰ፣ ወሬው ሰዓቱን ይሞላዋል። ለምግብ ዝግጅትም የሚያስፈልገው ይህ ነው። አንድ ጣቢያ በበዓል ዋዜማ ካሜራውን አንዲት ባለሙያ እናት ምድጃ አጠገብ ተክሎ ሽንኩርቱን ከመላጥ እስከ እንቁላሉ ድረስ ቢቆይ፣ ከተማው ሁሉ አብሮ ጥዶ አብሮ ያማስላል። ለየሳምንቱ ዝግጅት ደግሞ በርበሬን በአንድ ክፍል ከመጨረስ በአራት ሳምንት ማሳየት ይቻላል፤ በመጀመሪያው ቅንጠሳው፣ በሁለተኛው ድልዙ፣ በሦስተኛው ቅመሙ፣ በአራተኛው ወፍጮው። አጭር መሆን ያለበት ቪዲዮም ቢሆን አንዲት ዓረፍተ ነገር ቢጨምር ብዙ ነው፤ ከዚህ ድስት ወደዚያ ድስት ሁለት ሰዓት አልፏል፤ በሁለቱ ሰዓት ውስጥ ሽታው እንዲህ ሆነ፣ ድምፁ እንዲህ ሆነ፣ መልኩ እንዲህ ሆነ ብሎ መናገር። ይህ ምንም ገንዘብ አይጠይቅም፤ ለተመልካቹ መታመንን ብቻ ይጠይቃል።

ይህን የምለው ዋጋውን ስላየሁት ነው። ከቤት ርቄ ፋሲካን ለመጀመሪያ ጊዜ ያሳለፍኩ ዓመት ዶሮ ወጥ ልሠራ ተነሣሁ። ስልኬ ላይ የስምንት ደቂቃ ቪዲዮ ከፍቼ ሽንኩርቱን አሥር ደቂቃ አማስል የሚለውን ተከተልሁ። በርበሬውን ልጨምር ማንኪያው እጄ ላይ እንዳለ የእናቴ ቃል ትዝ አለኝና ደወልሁላት።

«ምን ይሸታል?» አለችኝ መጀመሪያ።

«ሽንኩርት ሽንኩርት ይላል።»

«እንግዲያው ገና ነው የኔ ልጅ። እሳቱን ቀንሰው።»

ስልኩን ድምፅ ማጉያው ላይ አድርጌ ከምድጃው አጠገብ አቆምሁት። እሷ በወዲያ የራሷን ድስት ታማስላለች፣ እኔ በወዲህ። ብዙ አልተናገርንም። አንዳንዴ የጎረቤት ወሬ ትነግረኛለች፤ አንዳንዴ ማማሰያዋ ድስቱን ሲነካ ይሰማኛል። በየመሃሉ ያንኑ ጥያቄ ትጠይቀኛለች፤ ምን ይሸታል? በስንት ዓመት የቴሌቪዥን ዝግጅት ማንም ያልጠየቀኝን ጥያቄ። ሁለት ሰዓት ሊሞላ ሲል እንደገና ጠየቀችኝ። አጎንብሼ አሸተትሁ።

«አሁንስ ሽንኩርት አይልም፣ እማዬ።»

«በል፣ አሁን በርበሬውን ጨምር» አለችኝ።